ሊጥ፣ የጥርስ ሳሙናና ውሃ

በእኛ ሰፈር ለተቃጠለ ሰው መድኃኒት ጠፍቶ አያውቅም። የፈላ ጀበና ታናሽ እህቴ እጅ ላይ የተገለበጠ ዕለት አንዷ ጎረቤት ሊጥ፣ ሌላዋ የጥርስ ሳሙና፣ ሦስተኛዋ እንቁላል ይዘው ደረሱ። ሁሉም ከልባቸው ነው፤ ግን የማንን እንስማ? እናቴ «አንተ የተማርከው ምን ትላለህ?» አለችኝ። እኔ የተማርኩት ሰዋስው ነው!

የገላገለችን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ናት። እጇ ሳያብጥ አምባሯን አወለቀችና ቃጠሎውን ለ20 ደቂቃ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ አፈሰሰችበት። በረዶ አይደለም፣ ውሃ ብቻ። ቧንቧው ጠፍቶ ስለነበር (መቼ ኖሮ ያውቃል!) ከጀሪካን በጣሳ እየቀዳን አቀበልናት። ያመንኳት ምክንያቱን ስለነገረችን ነው፤ ውሃው ሙቀቱን ከሥጋው ያወጣል፣ ሊጥ ግን ሙቀቱን ያፍናል፣ ቆሻሻ ያስገባል፣ ሐኪሙም ቁስሉን እንዳያይ ይጋርዳል። ከዚያ ወዲህ ምክር የሚሰጠኝን ሁሉ «ለምን?» እላለሁ።

ላምባ የጠጣ ሕፃንን ወተት ግቶ ማስመለስም የተለመደ ነው። ሲያስመልሰው ላምባው ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፤ ስለዚህ ሳያስመልሱ ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው። ይህንንና የቀይ መስቀልን የአምቡላንስ ቁጥር 907ን ጽፌ ማድ ቤቱ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። እናቴ አምናበታለች፤ ከጎረቤታችን ጋር ግን በወተቱ ነገር እስካሁን እየተከራከርን ነው።