እኔ የላክሁላት ክኒን

እናቴ የጉልበት ሕመሟን ለማስታገስ አራት ዓመት ያህል ዳይክሎፌናክ ስትውጥ ኖራለች። ክኒኑን ከአዲስ አበባ እየገዛሁ የምልክላት እኔው የፋርማሲ ተማሪው ነበርሁ፤ ያለ ሐኪም ማዘዣ ስጠይቅ የከለከለኝ መድኃኒት ቤት አልነበረም።

ዳይክሎፌናክ ሕመምን የሚያበርደው ፕሮስታግላንዲን የተባሉት ንጥረ ነገሮች በሰውነት ውስጥ እንዳይመረቱ በመግታት ነው። እነዚሁ ንጥረ ነገሮች ግን የጨጓራን ግድግዳ ከአሲድ ይጠብቃሉ፤ ወደ ኩላሊት የሚፈሰው ደም እንዳይቀንስም ያግዛሉ። ስለዚህ ሕመሙ ሲበርድ ጥበቃውም አብሮ ይላላል። ክኒኑ የደም ግፊትንም ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲም እ.ኤ.አ. በ2013 ለልብና ለደም ሥሮች ስላለው አደጋ አስጠንቅቋል።

እናቴ ለደም ግፊቷ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ትወስዳለች። ዳይክሎፌናክ በእነዚህ በሁለቱ ላይ ሲደረብ ኩላሊትን በድንገት ሊያዳክም እንደሚችል ለፈተና አጥንቼዋለሁ። ግፊቷ አልወርድ ሲል የግፊት መድኃኒቷ መጠን ተጨመረ እንጂ ስለ ጉልበቷ ክኒን የጠየቃት አልነበረም። ነገሩ የታወቀው በደም ምርመራ ክሪያቲኒኗ ከፍ ብሎ ሲገኝ ነው።

ክኒኑን ካቆመች በኋላ ኩላሊቷ አገግሟል። ጉልበቷ ግን አሁንም ያማታል፤ በሚቀባ መድኃኒትና የጭን ጡንቻ በሚያጠነክር እንቅስቃሴ ታስታግሰዋለች። የሕመምተኛ ሥቃይ እውነተኛ ነውና ክኒኑን መንፈግ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። ከመስጠት በፊት «ሌላ ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?» ብሎ መጠየቅ ግን ወጪ የለውም። እኔ ይህን እናቴን ሳልጠይቃት አራት ዓመት አለፈ።