ሠላሳ ጠብታ

አባቴ ካረፈ አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፥ እናቴ ለሙት ዓመቱ መታሰቢያ የሚሆን ሥዕል እንድሠራላት አዘዘችኝ። «ሥዕል ተማርሁ ስትል ኖረሃል፤ እስቲ አባትህን አሳየኝ» አለች። ለጥቂት ጊዜ የማታ ትምህርት ተከታትዬ ስለ ነበር ትእዛዙ አላስፈራኝም። በመታወቂያ ወረቀቱ ላይ የነበረችውን ፎቶግራፍ ከፊቴ አድርጌ፥ የዐይኑን ቆብ፥ የጢሙን ሽበት፥ የጥምጥሙን እጥፋት ሳይቀር ብዙ ሌሊት ስለፋበት ከርሜ ወስጄ ሰጠኋት። እርሷም ወደ መስኮቱ አስጠግታ ከተመለከተችው በኋላ «ፊቱስ ፊቱ ነው፤ እሱ ግን የለበትም» ብላ መለሰችልኝ። ተቀየምሁ፤ የተቀየምሁትም እውነት በመናገሯ ነበር።

በዚያው ሰሞን ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ ወደ ላስታ ተላክሁ። ሥራው በጊዜ ስለ ተፈጸመ፥ ከላሊበላ ከተማ ተነሥቼ በዛግዌው ንጉሥ በነአኩቶ ለአብ ስም ወደሚጠራው ገዳም ሄድሁ። ቦታውን የጎበኘ እንደሚያውቀው፥ ቤተ ክርስቲያኑ እንደ ቤተ ጊዮርጊስ ከአንድ አለት ተፈልፍሎ የወጣ ሳይሆን በሰፊ ዋሻ ውስጥ የተሠራ ነው። ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበው ውሃ በጎደጎዱ ድንጋዮች ውስጥ ይጠራቀማል፤ ምእመናንም ጠበል ብለው ይወስዱታል። ከካህኑ ፈቃድ ጠይቄ በአንድ ጥግ ተቀመጥሁና፥ ጠበል የሚጠብቁ አንዲት አሮጊት መሣል ጀመርሁ። የተነሣሁት ከዐይናቸው ነው። የዐይናቸውን ሽብሽብ በሚገባ ፈጽሜ ወደ ነጠላቸው ስደርስ፥ እርሳቸው ዕቃቸውን ሞልተው ሄደዋል። በአጠገቤ ቆሞ ይመለከት የነበረ አንድ የቆሎ ተማሪ «ጋሼ፥ እኒህ ሴትዮ እግር የላቸውም እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ።

ያን ጊዜ በማታው ትምህርት እጅግ እጠላው የነበረው ልምምድ ትዝ አለኝ። ይኸውም አንድ ሰው ከተማሪዎች ፊት ይቆማል፤ መምህሩ ሰዓት ይዞ በየሠላሳ ሴኮንዱ፥ በየደቂቃው፥ ኋላም በየአምስት ደቂቃው አቋቋሙን እንዲለውጥ ያዘዋል፤ ተማሪው የጀመረውን ቢጨርስም ባይጨርስም ትቶ አዲስ ይጀምራል። ይህን አሠራር በትምህርት መልክ ካስፋፉት አንዱ በኒው ዮርክ ያስተምር የነበረው ኪሞን ኒኮላይዲስ ነው፤ መጽሐፉ የታተመው እርሱ ከሞተ በኋላ በ1941 እ.ኤ.አ. ነበር። በአገራችን ደግሞ ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም በቺካጎ ተምረው ከተመለሱ በኋላ በ1950 ዓ.ም. የአዲስ አበባውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አቋቁመው ለዘመናዊው ሥዕል ትምህርት በር ከፍተዋል። የልምምዱ ምክንያት ቀላል ነው። ሠላሳ ሴኮንድ ለአንድ የዐይን ቆብ እንኳ አይበቃም፤ ስለዚህ እጅ ወዶ ሳይሆን ተገዶ ከራስ እስከ ተረከዝ የሚወርደውን መሥመር ይፈልጋል፤ ክብደቱ በየትኛው እግር ላይ እንደ ዐረፈ ይጠይቃል። ሰው በአንድ እግሩ ላይ ሲያርፍ የዚያ ጎን ዳሌው ከፍ፥ ትከሻው ዝቅ ይላል። ይህ ከተያዘ አፍንጫ ባይኖርም ሰውየው ቆሟል፤ ይህ ከጠፋ ግን የቅንድቡ ጠጕር ቢቈጠር እንኳ በአየር ላይ ይንሳፈፋል። ለእኔ ግን ነገሩ ሁሉ የችኮላ ሥራ ይመስለኝ ነበር፤ ያልተጨረሰ ነገር ማሳየት ስለሚያሳፍረኝም ወረቀቶቹን ቀዳድጄ እጥላቸው ነበር።

በዋሻው ውስጥ ሰዓት የሚይዝልኝ መምህር አልነበረም፤ ጠብታው ግን ነበረ። ለአንድ ሰው ሠላሳ ጠብታ ብቻ ብዬ ለራሴ ሕግ አወጣሁ። ተማሪው ነገሩ ሲገባው ቈጠራውን ከእኔ ተቀበለና፥ ሠላሳ ሲሞላ «በቃ!» እያለ ያቋርጠኝ ጀመር፤ ከመምህሬ ይልቅ እርሱ ጨካኝ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ዐሥር ያህል ሥዕሎች የተወሳሰበ ክር ይመስሉ ነበር። ከዚያ በኋላ ጎንበስ ብሎ የሚቀዳው፥ እንስራ አዝላ የምትነሣው፥ ግድግዳ ተደግፎ ጫማውን የሚያወልቀው፥ አንዳንዱ መቆም ጀመረ።

ወደ ቀትር ገደማ አንድ አረጋዊ መሪጌታ መጥተው መቋሚያቸውን በብብታቸው ሥር አድርገው ቆሙ። መቋሚያ ላላወቀው ሰው ምርኩዝ ብቻ ይመስላል፤ ማሕሌት ለሚቆም ግን ሦስተኛ እግር ነው። መሪጌታው ክብደታቸውን በቀኝ እግራቸውና በመቋሚያው ላይ ጥለው፥ ግራ እግራቸውን መሬት ለመንካት ያህል ብቻ አሳርፈው፥ ራሳቸውን ጥቂት ዘንበል አድርገው ነበር። ከአንገታቸው ተነሥቼ እስከ ተረከዛቸው ወረድሁ፤ መቋሚያውንም በአንድ ጭረት አቆምሁት። «በቃ!» አለ ልጁ። ሥዕሉ ፊት አልነበረውም። ወረቀቱን ስመለከት ግን እጄ ቀዘቀዘ። አባቴ ሌሊቱን በማሕሌት ቆሞ አድሮ ሲመለስ በደጃችን እንዲህ ይቆም ነበር፤ እኔም ዕድሜዬን ሙሉ በዚያ ደጅ ስገባና ስወጣ አንድ ቀን እንኳ ልብ ብዬ አላየሁትም። ቀና ስል መሪጌታው ወደ ውስጥ ገብተዋል።

ወረቀቱን ለእናቴ ሳሳያት ማን እንደ ሆነ አልነገርኋትም፤ እርሷም ስለ ፊቱ አልጠየቀችኝም። መሥመሩን በጣቷ ተከትላ ወደ እግሩ ወረደችና «የግራ ጕልበቱን ያመው እንደ ነበረ ለሰው አልተናገረም፤ አንተ በምን ዐወቅህ?» አለችኝ። በነአኩቶ ለአብ ያየኋቸው ሌላ ሰው መሆናቸውን ነገርኋት። ጥቂት ዝም አለች፤ ወረቀቱን ግን አልመለሰችልኝም።

የሙት ዓመቱ ዕለት ያለ ሥዕል አለፈ። ኋላ ያንኑ አቋቋም መሠረት አድርጌ በትልቅ ሸራ ላይ ጀምሬአለሁ፤ እግሩና መቋሚያው ቆመዋል፤ ከፎቶግራፉ የማመጣው ፊት ግን በዚያ አንገት ላይ እስካሁን አልገጠመልኝም።