የስቲልዋተር ከተማ አንድ ዓመት

በአሜሪካ በኦክላሆማ ግዛት ከምትገኘው ከስቲልዋተር ከተማ ታሪክ አንዱን ዓመት ብቻ ነጥለን እንድንጽፍ ያደረገን፥ ያ ዓመት ከአገራችንም ታሪክ ጋር የተያያዘ መሆኑ ነው። ይኸውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1954 ነው፤ ሌሎቹንም ዘመናት በዚሁ አቆጣጠር እናስቀምጣለን።

ስቲልዋተር ያን ጊዜ ሃያ ሺህ ያህል ሕዝብ የሚኖርባት፥ ኑሮዋም በኮሌጇ የተደገፈ ትንሽ ከተማ ነበረች። በ1889 መሬቱ ለሰፋሪዎች ሲከፈት ተቆረቆረች፤ በሚከተለው ዓመትም የእርሻና የመካኒክ ኮሌጅ ተመሠረተባት። የዚህ ዐይነት ኮሌጅ መምህር በክፍል አስተምሮ ብቻ አይመለስም፤ ዘሩን በማሳ ይፈትነዋል፥ የደረሰበትንም እስከ ገበሬው ደጅ ያደርሰዋል። አገራችንም የፈለገችው ይህንኑ ነበር።

የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ዶክተር ሄንሪ ቤኔት በ1950 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ስለዚሁ ጉዳይ ተነጋግረው ነበር። በኋላም የፖይንት ፎር ርዳታ የመጀመሪያ ሹም ሆኑ፤ ነገር ግን በታኅሣሥ 1951 በኢራን አገር አውሮፕላን ወድቆ ከባለቤታቸው ጋር ሞቱ። ውሉ የተፈረመው እርሳቸው ካለፉ በኋላ፥ በ1952 ነው። ከዚያም በኋላ የስቲልዋተር መምህራን ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ጅማ፥ ኋላም ወደ ዓለማያ መጡ።

እንግዲህ በ1954 ዓ.ም. ሰኔ 18 ቀን (በእኛ ሰኔ 11 ቀን 1946) ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስቲልዋተርን ሲጎበኙ፥ ከተማዪቱ የተቀበለችው ፈጽሞ የማታውቀውን አገር ንጉሠ ነገሥት አልነበረም። ግብዣውም የተደረገው በኮሌጁ የተማሪዎች ማኅበር ሕንፃ ውስጥ ነው።

እኛን ከግብዣው ይልቅ የሚያሳስበን ግን ዘመኑ ነው። የኦክላሆማ ሕገ መንግሥት ከ1907 ጀምሮ ጥቁርና ነጭ ልጆች በተለያየ ትምህርት ቤት እንዲማሩ ያዝዝ ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን መለያየት ሕገ ወጥ ነው ብሎ የፈረደው በዚያው ዓመት ግንቦት 17 ቀን ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ስቲልዋተር የገቡት ከፍርዱ አንድ ወር ከአንድ ቀን በኋላ መሆኑ ነው። ከዚያ አምስት ዓመት ቀድሞ፥ በ1949፥ ናንሲ ራንዶልፍ ዴቪስ የተባሉ ጥቁር መምህርት የኮሌጁ የመጀመሪያ ጥቁር ተማሪ ሆነው ሲገቡ፥ ከነጮቹ ጋር እንዳይቀመጡ ተከልክለው ትምህርቱን ከክፍሉ ውጭ ሆነው ያዳምጡ ነበር። በፈተና ከፍ ያለ ውጤት ካገኙ በኋላ ግን የክፍሉ ተማሪዎች ራሳቸው ይግቡ አሉ። በ1952 ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ተቀበሉ፤ የኢትዮጵያ ውል በተፈረመበት ዓመት ማለት ነው።

በእኛ አስተያየት የስቲልዋተርን በር በመጀመሪያ የከፈቱት እኒህ ሴት ናቸው። ለንጉሥ ምንጣፍ መዘርጋት ለማንኛውም ከተማ ደስታ ነው፤ በየማለዳው ደብተር ይዞ ከክፍል ውጭ መቀመጥ ግን ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ አንባቢ ይገምተው።

ኮሌጁ በ1957 ስሙ ተለውጦ የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተባለ። መምህራኑም እስከ 1968 ድረስ በዓለማያ ቆይተው፥ ሥራውን ለኢትዮጵያውያን አስረክበው ተመለሱ።