«የሞተው የወንድሜ ልጅ» ይመዝገብልኝ!

ካማሺ ደርሶ የተመለሰ ሰው ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ቀርከሃው፣ በትከሻዋ ባጋደመችው እንጨት ግራና ቀኝ ሸክሟን አንጠልጥላ ስለምትሄደው የጉሙዝ ሴት ያወራል። እኔ የማወራችሁ ግን ስለ አንዲት «የ» ነው። አትሳቁ!

ካማሺ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል አንዱ ዞን ዋና ከተማ ናት። ከአሶሳ ተነስቶ በወለጋ በኩል ዞሮ ነው የሚገባው። ጉሙዝኛውም ኦሮምኛውም ይሰማል። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ግን አማርኛ ስለሆነ፣ ቤቱ በጉሙዝኛ ያዘነ ሰው ማመልከቻውን የሚያስገባው በአማርኛ ነው።

እኔ ደግሞ በሽታ አለብኝ። «ሕፃናቶች» የሚል ሰሌዳ ካየሁ ምሳ አይበላልኝም። «ሕፃናት» ራሱ ብዙ ሆኖ ሳለ ሌላ «ኦች» ምን ይሠራል? «መምህራኖች»፣ «ቃላቶች»… ኧረ ስንቱ! አራት ነጥብ የሚባል ነገር መኖሩን ረስቶ አንድ ገጽ ሙሉ በነጠላ ሰረዝ የሚያስሮጠንስ? የ«ሀ» እና የ«ሐ» ነገር ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ሲያከራክር ስለኖረ ትቼዋለሁ። ብቻ «ድኅነት» ለማለት «ድህነት» ብሎ የሚጽፍ ሰው አሁንም ያንገበግበኛል። ለወዳጁ መዳንን ሲመኝ ችጋር ይመኝለታላ!

ታዲያ ካማሺ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት አጥር ሥር፣ ዛፍ ጥላ ላይ፣ አንድ ወጣት ማመልከቻ ጻፊ አገኘሁ። አጠገቡ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ ስድስት ሰባት ዓመት የሚሆነው ልጅ ጉልበታቸውን ተደግፎ ቆሟል። ማመልከቻቸው ተመልሶባቸው ነው። ተቀብዬ አነበብኩት፦ «ባለፈው ዓመት የሞተው የወንድሜ ልጅ ትምህርት ቤት እንዲመዘገብልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።»

መዝጋቢው ምን ቢል ጥሩ ነው? «የሞተ ልጅ አንመዘግብም!» ሞተ የተባለው ልጅ ደግሞ አዲስ እርሳስ ይዞ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። አባባ ለዚህ መልስ ከገጠር በእግራቸው ሁለት ቀን ተመላልሰዋል።

እውነቱን ለመናገር መዝጋቢው ያነበበው የተጻፈውን ነው። «የሞተው» እና «የወንድሜ» ሲከታተሉ ሞቱ ዘልሎ ልጁ ላይ ያርፋል። «የሞተው ወንድሜ ልጅ» ቢባል ሟቹ ወንድምየው ይሆናል፤ ያም ቢሆን ለችኩል አንባቢ ያደናግራል። ስለዚህ እንዲህ አስጻፍኩት፦ «ወንድሜ ባለፈው ዓመት ሞቷል። ልጁን የማሳድገው እኔ ነኝ። ልጁ እንዲመዘገብልኝ አመለክታለሁ።» ሦስት አራት ነጥብ፣ አለቀ።

«ጋሼ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ካልተጻፈ ማመልከቻ አይመስልም ብዬ እኮ ነው» አለኝ ጻፊው። እናንተም ማመልከቻ ስታጽፉ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ጮክ ብሎ እንዲያነብላችሁ አድርጉ። ትንፋሽ ያጠረበት ቦታ ላይ ነጥብ ይገባል።

ጎበዝ ነኝ ብዬ ቀጠልኩ። የልጁ ስም በ«ጰ» ተጀምሯል፤ አባባ ሲጠሩት ግን እኔ የሰማሁት «በ» ነው። ሰርዤ ላስተካክል ስል ጻፊው ወረቀቱን ቀማኝ።

«ጋሼ፣ እሱን አይንኩት! የልጁ ካርድ ላይ እንደዚያ ነው ያለው።»

ጉሙዝኛ ወደ ውስጥ የሚዋጥ «ብ» አለው፤ የአማርኛው ፊደል ግን ለእሱ የተለየ ምልክት የለውም። ስለዚህ አንዱ በ«በ» ይጽፈዋል፣ ሌላው በ«ጰ»። ሁለት ወረቀት ላይ ሁለት ዓይነት የተጻፈ ስም ደግሞ በቢሮ ዓይን ሁለት ሰው ነው። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ በዞኑ በተነሳው ግጭት ብዙ ሕዝብ ሲፈናቀል አባባም ቤታቸውን ከነወረቀቱ ጥለው ሸሽተው ነበር። የልጁ ካርድ ከዚያ ወዲህ የወጣ ነው፤ ሌላ ማስረጃም የላቸውም። በእኔ እርማት ሦስተኛ ቀን ሊመላለሱ ነበር! አፈርኩ።

ማመልከቻው ተገልብጦ አራታችንም ወደ መዝጋቢው ሄድን። በሩ ላይ ምን ተለጥፏል መሰላችሁ? «አዲስ ተመዝጋቢ ሕፃናቶች በዚህ በኩል»! እጄ ሳላዝዘው ወደ ኪሴ፣ ወደ እስክሪብቶዬ ሄደ። ጻፊው ክንዴን ያዝ አደረገና በጆሮዬ፣ «ጋሼ፣ መጀመሪያ ማኅተሙ ይመታ» አለኝ።