የጀልባ ሆድ

አበው «እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ» ሲሉ የሚናገሩት ስለ ሰው ጠባይ ነው። እኔ ግን ሰሞኑን አባባሉን ቃል በቃል ወስጄ ሳሰላስለው ከረምኩ። ውሃ በእርግጥም ያሳስቃል። በእጅ ሲነኩት ገር ነው፤ ጣት ሲሰዱበት ይከፈታል፣ ጣት ሲያወጡበት ይገጥማል። ከከፍታ ዘሎ በደረቱ የወደቀበት ዋናተኛ ግን ሌላ ይናገራል፤ እንደ ድንጋይ ይመታል። ገርነቱንና ድንጋይነቱን የሚለየው አንድ ነገር ነው፤ ፍጥነት። የፈጣን ጀልባ ሠሪዎች ታሪክም ባጭሩ ሲነገር ይኸው ነው፤ ገሩን ውሃ ድንጋይ እስኪሆን ድረስ ፈጥኖ መርገጥ፣ ድንጋይ ከሆነ በኋላ ደግሞ በድንጋዩ አለመመታት።

ስለዚህ ጉዳይ እንዳስብ ያደረገኝ የአጎቴ ልጅ ነው። ባሕር ዳር ተወልዶ ያደገ፣ እንግዶችን ወደ ጣና ገዳማት በጀልባ እያመላለሰ የሚተዳደር ሰው ነው። በቅርቡ ደወለልኝና «ወንድም ጋሼ፣ አዲስ ጀልባ ላሠራ ነው፤ ግማሹን አንተ ሸፍንልኝ። ሆዷን ዝርግ ላደርጋት ነው፤ በትንሽ ሞተር ትበራለች አሉኝ» አለኝ። የጠየቀኝ ገንዘብ የዓመታት ቁጠባዬ ነው። ነገሩ ያ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። በዚያች ጀልባ የሚሳፈሩት ግን ሰዎች ናቸው፤ ብዙዎቹም ዋና አይችሉም። ስለዚህ ገንዘቡን ከመላኬ በፊት «ዝርግ ሆድ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ማንበብ ያዝኩ። በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።

ከታንኳ እንጀምር። የደንገል ታንኳ ስትጓዝ ውሃውን በደረቷ ገፍታ፣ በጎኗ አሳልፋ፣ ከኋላዋ መልሳ ትዘጋዋለች። ክብደቷን የሚያክል ውሃ ከቦታው አስለቅቃ በዚያው ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጣ ነው የምትሄደው። ትልቁ መርከብም ቢሆን ከዚህ አይለይም። እንዲህ ያለች ጀልባ ስትሄድ ሞገድ ታነሣለች፤ በፈጠነች ቁጥር ሞገዱ ይረዝማል። በመጨረሻ አንዱ ሞገድ እርሷን ራሷን ያህል ሲረዝም ከፊቷ ጉብታ፣ ከኋላዋ ጎድጓዳ ይሆንባታል። ከዚያ ወዲያ መፍጠን ማለት ራስ የሠሩትን ዳገት መውጣት ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዊልያም ፍሩድ በ1870ዎቹ ቶርኪ በተባለች ከተማ ረጅም የውሃ ገንዳ አሠርቶ፣ ትንንሽ የመርከብ አምሳያዎችን እየጎተተ ይህን ተቃውሞ ለክቷል። ውሃውን የሚነካው ርዝመቷ 9 ሜትር የሆነ ጀልባ ዳገቱ የሚገጥማት በሰዓት 13.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትሄድ ነው። ከዚያ በኋላ የሞተሯን ጉልበት እጥፍ ቢያደርጉላት ፍጥነቷ እጥፍ አይሆንም፤ ትርፉ ነዳጅ ሞገድ ሲሠራ ይውላል።

መላው ዳገቱን መውጣት ሳይሆን ከጉድጓዱ መውጣት ነው። ጠፍጣፋ ድንጋይ ወርውሮ ውሃ ላይ ያነጠረ ልጅ ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል። ሆዷ ዝርግ የሆነ ጀልባ በቂ ጉልበት ስታገኝ ውሃውን ወደ ታች ትገፋዋለች፤ ውሃውም በአጸፋው ወደ ላይ ያነሣታል። ከዚያ በኋላ በኋለኛው የሆዷ ክፍል ብቻ ውሃውን እየነካች ትንሸራተታለች። ውሃ ከአየር 800 ጊዜ ያህል የከበደ ነውና ከውሃው የወጣው የሆዷ ክፍል ሁሉ ትርፍ ነው። ለዚህ እንደ ዝርግ ሆድ የሚሆን የለም። የአጎቴን ልጅ የመከሩት ሰዎች አልዋሹትም፤ በረጋ ውሃና በትንሽ ሞተር ዝርጓ ቀድማ ትነሣለች።

ያልነገሩት ሁለተኛውን ግማሽ ነው። ሞገድ ሲነሣ ያ ዝርግ ሆድ እንደ መዳፍ በጥፊ ውሃውን ይመታል፤ ጥፊው ግን የሚመለሰው ወደ ተሳፋሪው አከርካሪ ነው። መሪው በፍጥነት ሲዞርም የሚይዘው ነገር ስለሌለ ጀልባዋ በጎኗ ትንሸራተታለች። መድኃኒቱ ሆዱን ማሾል ነው፤ የቤት ጣሪያ ተገልብጦ አፉን ወደ ሰማይ ያደረገ ይመስል። የጣሪያው ተዳፋት በበዛ ቁጥር ሆዱ ሞገዱን ከመምታት ይልቅ ይሰነጥቀዋል፤ ሲታጠፍም እንደ ማረሻ ጥሎ ይይዛል።

ይህን በፈጣን ጀልባ ላይ በግልጽ ያሳየው አሜሪካዊው ንድፍ አውጪ ሬይ ሃንት ነው። እስከ እርሱ ጊዜ የነበሩት ፈጣን ጀልባዎች ከፊት ሾለው ወደ ኋላ ሲደርሱ ዝርግ የሚሆኑ ነበሩ። ሃንት 24 ዲግሪ ያህል ተዳፋቱን እስከ ኋላ ጫፍ ድረስ ዘለቀው። በሆዷ ርዝመትም ጠበብ ያሉ ጠርዞች ለጠፈ፤ እነዚህ ውሃውን ወደ ታች እየመለሱ ጀልባዋን ያነሣሉ። በ1958 ኒውፖርት ላይ ከነዚህ ጀልባዎች አንዷን በማዕበል ውስጥ ስትሮጥ ያየው የማያሚው ጀልባ ሻጭ ሪቻርድ በርትራም 9 ሜትር ገደማ የምትረዝም አሠራና በሚስቱ የቁልምጫ ስም «ሞፒ» አላት። በ1960 የማያሚ–ናሶ ውድድር ባሕሩ ክፉኛ ታውኮ ሳለ ሞፒ 8 ሰዓት ያህል ተጉዛ አንደኛ ገባች። ሁለተኛ የወጣችውም የሃንት ንድፍ ነበረች፤ ሦስተኛዋ የደረሰችው በማግሥቱ ነው። የዚያን ቀን ያሸነፈው ሞተር ሳይሆን ሆድ ነበር።

ይሁንና ነጻ ምሳ የለም። የሾለ ሆድ በቀላሉ አይነሣም፤ ብዙ ጉልበትና ነዳጅ ይጠይቃል። ቆሞ ሳለ ግራና ቀኝ ይዋልላል። እጅግ ሲፈጥን ደግሞ በስለት ላይ እንደቆመ ሰው ከጎን ወደ ጎን መወዝወዝ ያመጣል። ስለዚህ ብርቱ ፍጥነት የፈለጉት ሌላ መንገድ ያዙ፤ ውሃውን በሦስት ነጥብ ብቻ መንካት፣ ሁለት ከፊት፣ አንድ ከኋላ። እንግሊዛዊው ዶናልድ ካምቤል በዚህ ዓይነት በተሠራችው «ብሉበርድ ኬ 7» ከ1955 እስከ 1964 ሰባት ጊዜ የዓለምን የውሃ ላይ ፍጥነት ክብረ ወሰን ሰበረ። የመጨረሻው በሰዓት 444.7 ኪሎ ሜትር ነበር።

በዚህ ፍጥነት ግን ሁለተኛ ውሃ ይመጣል፤ አየር። ጀልባዋ ውሃውን ለመንካት ስታንስ አየሩ ከሆዷ ሥር ይገባል፤ አፍንጫዋ ከልኩ ጥቂት ቀና ሲል ሆዷ ክንፍ ይሆናል፤ ክንፍ ደግሞ መሪ የሌለው አውሮፕላን ነው። ጥር 4 ቀን 1967 ካምቤል በኮኒስተን ሐይቅ የመጀመሪያውን ዙር በሰዓት ከ475 ኪሎ ሜትር በላይ ሄደ። ክብረ ወሰን የሚመዘገበው የመሄጃውና የመመለሻው አማካይ ተወስዶ ነው። እርሱም ነዳጅ ሳይሞላ፣ ውሃው እስኪረጋም ሳይጠብቅ ተመለሰ። ከ500 በላይ ደርሶ ሳለ ጀልባዋ ከውሃው ተነሣች፤ በአየር ላይ ተገልብጣም በአፍንጫዋ ውሃው ውስጥ ገባች። አስከሬኑ ከሐይቁ የወጣው በ2001 ነው።

የሚገለብጠው ሞገድ ደግሞ የራስ ብቻ አይደለም። የፎርሙላ ዋን ተወዳዳሪ የነበረው ፈረንሳዊው ዲዲዬ ፒሮኒ በ1987 ከእንግሊዝ ዋይት ደሴት አጠገብ ሲወዳደር ጀልባው አንዲት ነዳጅ ጫኝ መርከብ ትታው የሄደችውን ሞገድ መታና ተገለበጠ፤ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሞተ።

ይህን ሁሉ ይዤ ለአጎቴ ልጅ ደወልኩለት። ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ነው፤ አየሩ ሳሳ ስለሚል ተራ ሞተር እዚያ ከጉልበቱ ስድስተኛውን ያህል ያጣል። ይህ ለዝርጓ ይመሰክራል። ነገር ግን ሐይቁ ስፋት እንጂ ጥልቀት የለውም፤ የጠለቀው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። ጥልቀት በሌለው ሰፊ ውሃ ላይ ነፋስ የሚያነሣው ሞገድ አጭርና ቀጥ ያለ ነው፤ ይህ ደግሞ ዝርጓን ይከሳል።

«ወንድም ጋሼ፣ እንግዳ የሚከፍለው እኮ ለፍጥነት ነው» አለኝ። «ጎረቤቴ በ30 ደቂቃ ሲያደርስ እኔ በ45 ባደርስ ማን ይሳፈርልኛል?»

«ጠዋት እውነትህን ነው» አልኩት። «ከሰዓት በኋላ፣ ነፋሱ ሲነሣ፣ ስትመልሳቸውስ?»

ጥቂት ዝም አለ። የጣናን የከሰዓት ነፋስ ከእኔ ይልቅ እርሱ ያውቀዋል። በመጨረሻ የተስማማነው መካከለኛ ሆድ ባላት ጀልባ ነው፤ ከፊት የሾለች፣ ወደ ኋላ ስትደርስ ረገብ የምትል፣ ግን ፈጽማ የማትዘረጋ። የተሳፋሪውን ቁጥር ቀንሰን የእኔን ድርሻ ከፍ አደረግን። ገቢው ያነሰ ይሆናል። ገንዘቡን ግን ልኬያለሁ።

አውስትራሊያዊው ኬን ዋርቢ በ1978 ጓሮው ውስጥ ከእንጨትና ከፋይበርግላስ በሠራት ጀልባ በሰዓት 511 ኪሎ ሜትር ሄዶ ክብረ ወሰኑን ያዘ፤ ይህ ጽሑፍ እስከተጻፈበት ጊዜ አልተሰበረም። ሊሰብሩት ከተነሡት አሜሪካውያን መካከል ሊ ቴይለር በ1980፣ ክሬግ አርፎንስ በ1989 በሙከራው ላይ ሞተዋል። ዋርቢ ግን በ2023 በ83 ዓመቱ አረፈ። እኔን ከቁጥሩ ይልቅ የሚገርመኝ ውድድሩን የሚገዛው ሕግ ነው፤ የቱንም ያህል ፈጥነህ ብትሄድ ካልተመለስክ አይቆጠርልህም። ሆድ ስንሠራ፣ የጀልባም ሆነ የኑሮ፣ ብዙ ጊዜ የምንለካው የረጋውን የጠዋት ውሃ እያየን ነው። መመለሻው ግን ከሰዓት በኋላ ነው።