ቪትዟን ላሳጥባት ወይስ ላስውባት?

ሦስት ሳምንት ያህል ጠፋሁ። በውስጥ መስመር "ምነው ደህና አይደለህም እንዴ?" ላላችሁኝ አመሰግናለሁ። ደህና ነኝ፤ መኪና እየሸጥኩ ነበር። አዲስ አበባ ላይ መኪና ሸጦ የሚያውቅ ሰው ከዚህ በላይ ማብራሪያ አይፈልግም። ለማያውቀው ግን ልንገረው፤ ምክንያቱም ከሽያጩ በፊት የነበረች አንዲት ትንሽ ውሳኔ ናት እንቅልፍ የነሳችኝ።

መኪናዋ የ2002 ሞዴል ቪትዝ ናት፤ ብርማ ቀለም፣ ባለ 1000 ሲሲ። በ2013 ነው የገዛናት። "የገዛናት" ያልኩት እኔና ታላቅ እህቴ ስለሆንን ነው። እህቴ ሪያድ ሰው ቤት ስትሠራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ግማሹ ገንዘብ የእሷ ነው፣ ሊብሬው ግን በእኔ ስም ነው። ያን ጊዜ የተስማማነው በስልክ ነበር፤ እኔ እየነዳሁ ሥራዬን እሠራባታለሁ፣ እሷ ለመመለስ ስታስብ ትሸጣለች፣ ግማሽ ግማሽ እንካፈላለን። የተጻፈ ነገር የለም። ዘንድሮ ሰኔ ላይ ደወለችና "ልገባ ነው፤ ትንሽ ሱቅ ልከፍት አስቤያለሁ፣ ሽጣት" አለችኝ።

በሌላው ዓለም ይህች መኪና ከዓመት ዓመት ዋጋዋ ይወርዳል። የእኛ ገበያ ግን የተገላቢጦሽ ነው። በ2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። እኛ የገዛናት ቪትዝ ስታረጅ ዋጋዋ ከእጥፍ በላይ ሆነ። እኔ በአምስት ዓመት የጽሑፍ ሥራ ያላገኘሁትን ትርፍ እሷ ሰፈር ቆማ አተረፈች። ይኼ ለጋዜጠኛ የሚያስደስት ዜና አይደለም።

ደላላው ሰፈር ድረስ መጥቶ ዞሮ ዞሮ አያት። ወደ ውስጥ አንገቱን አስገብቶ አሸተተ። ጣሪያው ላይ ያለውን የቡና እድፍ እንዴት እዚያ እንደደረሰ ጠየቀኝ (እኔም አላውቅም)። ከዚያ ሁለት ዋጋ ነገረኝ። "እንዲህ ሆና አንድ ሚሊዮን ሦስት መቶ። ተውባ ስትቀርብ ግን አንድ ሚሊዮን ሦስት መቶ ሰማንያ።" ልዩነቱ ሰማንያ ሺህ ነው። ግማሹ የእህቴ ነው፤ አርባ ሺህ ብር ደግሞ ለሚከፈት ሱቅ መደርደሪያ ነው፣ ሚዛን ነው።

እኔ የማውቀው ላቫጆ ነው። ልጆቹ አረፋ ይለቁባታል፣ ያጥቧታል፣ ምንጣፉን አውጥተው ያራግፋሉ፣ ጎማውን ያጠቁራሉ፣ በቃ። ደላላው የሚለው ግን ላቫጆ አይደለም፤ አሁን አሁን በየቦታው የተከፈተውን ዲቴይሊንግ የሚሉትን ነው። የጠቆመኝ ቤት ሄድኩ። ወለሉ ነጭ፣ መብራቱ እንደ ቀዶ ጥገና ክፍል። ጓንት ያደረገ ወጣት ተቀበለኝና ሦስት ዓይነት ዋጋ ነገረኝ፤ ውስጧን ብቻ ማጽዳት ሰባት ሺህ፣ ውስጧንም ውጪዋንም ከነፖሊሹ አሥራ ስምንት ሺህ፣ ሦስተኛውን "ሙሉ" አለው፤ ሠላሳ ሁለት ሺህ።

"ሙሉ ማለት ምንድን ነው?" አልኩት።

በግራ በኩል ወደ ኋላ በር ወሰደኝና በጣቱ ሁለት ጊዜ ቆረቆረው። ቀጥሎ የፊቱን በር ቆረቆረ። ድምፁ የተለያየ ነው። አንዱ ቆርቆሮ ነው፣ ሌላው እንደ ግድግዳ ነው። "ስቱኮ አለው አይደል ወንድሜ? ይቺን ደግመን እንቀባታለን፣ ከዚያ ሙሉ አካሏን ፖሊሽ ስናደርግ ቀለሙ ይዋሃዳል። ማንም አያውቅብህም።"

እውነቱን ነው። በ2015 ጎተራ አካባቢ አንድ አይሱዙ ጎኗን መታኝ። ባትላሜራው በሩንና የኋላውን ጎን ቀጥቅጦ፣ ስቱኮ ሞልቶ፣ ቀብቶ መለሰልኝ። ጊዜው ሲረዝም ቀለሙ ከሌላው ትንሽ ተለየ፣ ከበሩ እጀታ በታችም ፀጉር የመሰለች ስንጥቅ ወጣች። ሻሲው አልተነካም፤ መንዳት ላይ ምንም ችግር የለባትም። ግን የተመታች መኪና ናት፤ እኛ አገር ደግሞ "ተመትታለች" የምትለዋ ቃል ብቻዋን ዋጋ ታወርዳለች።

ቤት ገብቼ እንደ ልማዴ ማንበብ ጀመርኩ። (ሰው መኪናውን አሳጥቦ ይሸጣል፤ ጋዜጠኛ ስለ መታጠብ ሦስት ቀን ያነብባል።) ያገኘሁትን ባጭሩ ልንገራችሁ፣ ለእናንተም ይጠቅማችሁ ይሆናል። የመኪና ቀለም ከላይ መስታወት የመሰለ ስስ ሽፋን አለው። ፖሊሽ የሚባለው ጭረቱን የሚያጠፋው ከዚህ ሽፋን ላይ ጥቂት ፍቆ ነው። ስለዚህ በተደጋገመ ቁጥር ሽፋኑ ይሳሳል፤ ሃያ ምናምን ዓመት የቆየች መኪና ላይ ደግሞ ስንት ጊዜ እንደተፋቀ የሚነግራችሁ የለም። ቢጫ የሆነ የፊት መብራትም እንዲሁ ነው። ፕላስቲኩን የሚያደበዝዘው የፀሐይ ጨረር ነው። በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፈግ እንደ አዲስ ያበራል፣ ግን አብሮ የመከላከያ ሽፋኑ ስለሚነሳ፣ በላዩ ላይ አዲስ ካልተቀባለት በወራት ውስጥ ተመልሶ ቢጫ ይሆናል። ለሻጭ ችግር የለውም። በወራት ውስጥ መኪናዋ የሌላ ሰው ናት።

እዚህ ላይ ቆም አልኩ። ሠላሳ ሁለት ሺህ ብር ተጠይቄበት የነበረው ነገር እስከ መቼ ድረስ መቆየት እንዳለበት ገባኝ፤ ውልና ማስረጃ ሄደን እስክንፈራረም ድረስ።

ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ነው የተማርኩት፤ ዲግሪዬ ከዚያ ወዲህ ብዙም አልጠቀመኝም፣ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ጆርጅ አከርሎፍ የሚባል አሜሪካዊ በ1970 እ.ኤ.አ. ስለ አሮጌ መኪና ገበያ አጭር ጥናት ጻፈ፤ ኋላ በ2001 ከሁለት ሰዎች ጋር የኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸለመ። አሜሪካኖች የማይረባ መኪና "ሎሚ" ይላሉ፤ የጥናቱ ርዕስም ስለ ሎሚ ገበያ ነው። (እኛ ዘንድ ለጥምቀት ሎሚ የሚወረወረው ለወደዷት ልጅ ነው፤ እነሱ በተቃራኒው።) ነገሩ እንዲህ ነው። ሻጩ የመኪናውን ጉድ ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም። ገዢው ደህናውን ከሎሚው መለየት ስለማይችል ለሁሉም የመሃል ዋጋ ይሰጣል። ደህና መኪና ያለው ሰው በዚያ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ይወጣል። ገበያው ላይ ሎሚው ይቀራል፣ ዋጋውም እንደገና ይወርዳል። ተማሪ እያለሁ ለፈተና ሸምድጄው ነበር። አሁን ግን ራሴ መሃሉ ላይ ቆሜ አየሁት። የእኛ ገዢ መካኒክ ይዞ የሚመጣው፣ በሩን የሚቆረቁረው፣ "ኪሎ ሜትሩ ተነክቷል?" የሚለው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው። እኔ በሩን ባስቀባ ደግሞ ቀጣዩ ሻጭ ንጹሕ መኪና ይዞ ሲመጣ የሚያምነው አይኖርም።

ይኼ ጥሩ ጽሑፍ ይወጣዋል፣ የእህቴን አርባ ሺህ ግን አይመልስም። ሕሊናዬን በራሴ ገንዘብ ብገዛው ማንም አይጠይቀኝም ነበር። እኔ ግን ልገዛ ያሰብኩት በእሷ ነው።

ከመወሰኔ በፊት ቪትዟን ሁልጊዜ የሚያይልኝ መካኒክ ጋር ሄድኩ። ጋሼ ኮፈኑን ከፈቱና "ሞተሩን እንዳታሳጥበው" አሉኝ ገና ሳልጠይቃቸው። አንደኛ፣ በኃይል የሚረጭ ውኃ ዲናሞው ወይ የኤሌክትሪክ ማገናኛዎቹ ውስጥ ከገባ፣ ደህና ሲሠራ የነበረ ሞተር ልክ ገዢው በመጣ ቀን ይንተፋተፋል። ሁለተኛ፣ የሚያውቅ ገዢ የሚያብረቀርቅ ሞተር ሲያይ "ምን ዘይት ሲያፈስ ነው ያጠቡት?" ይላል። "አቧራው ይኑር። ደረቅ አቧራ ማለት አያፈስም ማለት ነው፤ አቧራው ምስክርህ ነው" አሉኝ። ስልካቸውን ለገዢ እንድሰጥ ፈቀዱልኝ። ዘይት የቀየርኩባቸውን፣ የፍሬን ሸራ የገዛሁባቸውን ደረሰኞች ሰብስብ አሉኝ። ግማሹ ቤት ነበር፣ ግማሹ መኪናዋ ውስጥ ጠፍቷል።

ማታ ለእህቴ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ሦስቱን ዋጋ፣ በሩን፣ ደላላው ያለውን። ዝም ብላ ሰማችኝና ሳቀች። "አንተ ልጅ፣ እኔ ዘጠኝ ዓመት ምን ስሠራ የኖርኩ መሰለህ? ማጽዳት ነው ሥራዬ።" ከዚያ የምትሠራበትን ቤት ነገረችኝ። እንግዳ ሲመጣ እሷ ምንጣፉን አንስታ ከሥሩ ትጠርጋለች፤ ማዳም ደግሞ ስትቸኩል "ተዪው" ብላ ዕጣን ታስጨሳለች። "ውስጧን አሳጥብ። የሰው እጅና የሰው ላብ ያለበት ወንበር ላይ ሰው አይቀመጥም፣ ነውር ነው። ግማሹን ሰባት ሺህ እኔ እችላለሁ።"

"በሩስ እትዬ?"

"ስንት ይቀንሳል?"

"እስከ ሃምሳ ሺህ ሊያወርዱ ይችላሉ።"

ረጅም ዝምታ። ከኋላ የቴሌቪዥን ድምፅ ይሰማል። "ስማኝ። እውነቱን ልናገር ካልክ ተናገር፤ አልከለክልህም። የመታህ አይሱዙ ግን እኔን አልመታኝም፤ ስትነዳ የነበርክ አንተ ነህ። የበሩን ካንተ ድርሻ ቀንስ።"

ስልኩን ዘግቼ መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ቆይቼ ግን የምመልሰው ነገር አጣሁ።

ውስጧን አሳጠብኩ። ማስጠንቀቂያ፤ በሐምሌ ይህን አታድርጉ። ወንበሩና ሞኬቱ በሻምፖ ታጥቦ ውኃው ቢመጠጥም ለመድረቅ ፀሐይ ይፈልጋል፤ የእኛ ሰማይ ደግሞ ጎርፍ ነው የሚያወርደው። ሁለት ቀን እዚያው አደረች። በሦስተኛው ቀን ሳወጣት እርጥብ በግ ትሸት ነበር፤ መስኮቷን ገርበብ አድርጌ፣ ጄሞ ኮንዶሚኒየም መኪና ማቆሚያ ውስጥ ዝናብ ባባራ ቁጥር እየከፈትኩ፣ ሲመጣ እየዘጋሁ አንድ ሳምንት አስተነፈስኳት። ጥበቃው "ልጅ አሳቀፈችህ እኮ" አለኝ። ከወንበር ሥር የወጣውን በፕላስቲክ አስረከቡኝ፤ ቆሎ፣ ሁለት እስክሪብቶ፣ ጠፋ ብዬ ሁለተኛ ያሠራሁት መታወቂያ፣ የጠፉት የዘይት ደረሰኞች። ለሰባት ሺህ ብሩ ደረሰኞቹ ብቻ ይበቁኝ ነበር።

የግራውን የኋላ በር ከነስንጥቁ ተውኩት።

የመጀመሪያው ገዢ ወጣት ነው፣ ቸኩሏል፣ መካኒክ አልያዘም። ውስጧን አይቶ ወደዳት። "ይቺ በር ተመትታ ተሠርታለች" አልኩት። ፊቱ ተለወጠ። "ሌላስ ምን አለ?" አለኝ። ሌላ የለም ብለው አላመነኝም፤ አንድ የነገረኝ ሰው አሥር ደብቋል ብሎ አሰበ መሰለኝ። ሄደ። ደላላው ከኔ በላይ አዘነ፤ ከሻጭም ከገዢም ሁለት ሁለት በመቶው ነው የሄደው። "አንተ መኪና ነው የምትሸጠው ወይስ ንስሐ ነው የምትገባው?" አለኝ።

ሁለተኛዋ አንዲት ነርስ ናት፤ ከወንድሟና ከመካኒክ ጋር መጣች። መካኒኩ ስነግረው አልሰማኝም፤ በሩን በራሱ ጣት ቆረቆረ፣ ማጠፊያውንና ብሎኖቹን አየ፣ ከሥር ተኝቶ ሻሲውን በባትሪ አየ፣ ኮፈኑን ከፍቶ አቧራውን በጣቱ ነካ። ለጋሼ ደውሎ አንድ አሥር ደቂቃ ስለ ማርሽ አወሩ። እሷ ደረሰኞቹን አንድ በአንድ አገላበጠች። ከዚያ ሹፌር ወንበር ላይ ተቀምጣ በሩን ዘጋችና ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆየች። ስትወርድ "ንጹሕ ናት" አለች፤ ስለ ወንበሩ ይሁን ስለ ሌላ አልገባኝም።

ሠላሳ አምስት ሺህ አስቀነሰች። በአንድ ሚሊዮን ሦስት መቶ አርባ አምስት ሺህ ተጨባበጥን፣ ውልና ማስረጃ ሄደን ፈረምን።

ያን ማታ ወረቀት ይዤ አሰላሁ። የእህቴን ድርሻ በአንድ ሚሊዮን ሦስት መቶ ሰማንያ ሺህ ግማሽ አሰብኩት፤ ከዚያ የደላላውን ግማሽና የእጥበቱን ሦስት ሺህ አምስት መቶ ቀነስኩ። ሠላሳ አምስት ሺዋን ከኔ ላይ አነሳሁ። ሒሳቡን ፎቶ አንስቼ ላኩላት። ካየችው በኋላ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ፤ ስለ ገንዘቡ አንድም ቃል የለበትም። "ያቺ ነርስ" ትላለች፣ "ሥራዋ የት ነው? ሌሊት ፈረቃ ካላት የፊት መብራቱ ደብዛዛ መሆኑን ነግረሃታል?"

አልነገርኳትም ነበር። ስልኳ ነበረኝ፤ በማግስቱ ደወልኩላት።