ቃል ከተሰጠ በኋላ

ከአርባ ምንጭ፣ ከጫሞ ዳር
ይድረስ ለውድ ልጄ

ስለ ቃል ያስተማረ አንድ ፈላስፋ ላስተዋውቅሽ። ጆን ላንግሾ ኦስቲን እ.ኤ.አ. በ1911 በእንግሊዝ ላንካስተር ከተማ ተወለደ። በኦክስፎርድ ጥንታዊ ግሪክና ላቲን አጥንቶ እዚያው ፍልስፍና አስተማረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የብሪታንያ ጦር የመረጃ መኮንን ነበር። በ1952 የኦክስፎርድ የሥነ ምግባር ፍልስፍና ፕሮፌሰር ሆነ፤ በ1960 በ48 ዓመቱ ዐረፈ። በሕይወት ሳለ ያሳተመው ጥቂት ነው። ስሙን ያስጠራው በ1955 በሃርቫርድ የሰጠው ትምህርት ሲሆን፣ መጽሐፍ ሆኖ የወጣው ከሞተ በኋላ በ1962 ነው።

ከኦስቲን በፊት ብዙ ፈላስፎች ንግግርን የሚመዝኑት እውነት ወይስ ሐሰት ነው በማለት ነበር። እሱ ግን መናገር ራሱ ማድረግ መሆኑን አሳየ። «በወር እከፍላለሁ፣ ቃሌ ነው» ያለ ሰው ወሬ አላወራም፤ ግዴታ ገባ። በአንድ ንግግር ውስጥም ሦስት ነገር ለየ። ጫሞ ዳር አንዱ «አዞ አለ!» ሲል የተናገረው ቃል አንድ ነው፤ በመናገሩ ማስጠንቀቁ ሁለተኛ፤ ሰሚው ከውኃው መሸሹ ሦስተኛ።

ቃል ሥራውን እንዲሠራ የታወቀ ሥርዓት፣ የሚገባው ሰው፣ የተሟላ አፈጻጸም ያስፈልገዋል። ለዚህ የጋሞ አባቶች ምስክር ናቸው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ቡራዩ ውስጥ የጋሞ ተወላጆች ሲገደሉ፣ በአርባ ምንጭ የተቆጣ ወጣት ለበቀል ወጣ። ሽማግሌዎቹ በባህላቸው ሥርዓት እርጥብ ሳር ይዘው ከፊቱ ተንበርክከው ለመኑት፤ ወጣቱም ተመለሰ። ያንኑ ልመና ሥርዓቱ የማይፈቅድለት ሰው ቢያቀርበው ሰሚ ባላገኘ ነበር።

የኦስቲን ትምህርት ብርቱው ክፍል ግን ስለ ሐሰተኛ ቃል ኪዳን ያለው ነው። ሥርዓቱ ካልተሟላ ድርጊቱ ከነጭራሹ አይጸናም። ሊፈጽም ሳያስብ ቃል የገባ ሰው ግን ቃሉ ጸንቶበታል፤ «በልቤ አልነበረም» ማለት ከግዴታው አያወጣውም።

የኦስቲን ተማሪ ጆን ሰርል እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው መጽሐፍ ሐሳቡን አስፋፋው። ዛሬ የቋንቋ ጥናትም የሕግ ፍልስፍናም ይጠቀምበታል።

ከቤተሰቡ ርቆ ኑሮ ለሚጀምር ሰው ምክሩ ግልጽ ነው። በማያውቁት አገር የሰው መታወቂያው የሰጠው ቃል ነው። የቤት ኪራይ ውል ሲፈርም፣ ብድር ሲቀበል፣ ለጓደኛ «እመጣለሁ» ሲል እያሰረ ያለው ራሱን ነው። ስለዚህ የሚችለውን ብቻ ቃል ይግባ፤ ቃል የገባውንም ይፈጽም።

አባትሽ